ጁፒተር፦ ገዥ ወይስ ፍጡር?

በጥር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ሕንድ የምትገኘው ፕራያግራጅ ከተማ በሕዝብ ተጥለቀለቀች። ጋንጀስና ያሙና ወንዞች በሚገናኙበት ዳርቻ ሽማግሌው የልጁን ትከሻ ተደግፎ፣ እናት ጨቅላዋን ታቅፋ፣ ገላውን ዐመድ የተቀባ ባሕታዊ ደቀ መዛሙርቱን አስከትሎ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይወርዱ ነበር። ማሃ ኩምብ ሜላ የተባለው ይህ በዓል ለአንድ ወር ተኩል ያህል ዘልቆ ሲያበቃ፣ የሕንድ ባለሥልጣናት የታዳሚው ቁጥር ከ600 ሚሊዮን ማለፉን ተናገሩ።

የበዓሉን ወቅት የቆረጠው መንግሥት አልነበረም፤ የተነበበው ከሰማይ ነው። ሕንዶች ብሪሃስፓቲ ብለው የአማልክት መምህር የሚያደርጉት ፕላኔት ሠውር ላይ ሲደርስ፣ ፀሐይም ጀዲ ስትገባ የፕራያግራጅ ተራ ይሆናል። ሀሪድዋር በተባለችው ሌላዋ ቅድስት ከተማ ደግሞ በዓሉ የሚውለው ይኸው ፕላኔት ደለዊ ሲገባ ነው። እዚያ በ2010 የተከበረው ኩምብ በተለመደው የ12 ዓመት ቆጠራ 2022 ላይ መዋል ነበረበት። ነገር ግን ፕላኔቱ ዙሩን የሚጨርሰው 12 ዓመት ሳይሞላ ነውና ልዩነቱ ተጠራቅሞ በዓሉ በ2021 ተከበረ። የኮሮና ወረርሽኝ አገሪቱን እያመሰ በነበረበት ወራት እንኳ ወደ ሌላ ዓመት አልተላለፈም።

ያ ፕላኔት ጁፒተር ነው። በጥር 2025 በኢትዮጵያ ሰማይም ገና በምሽቱ አናት ላይ ወጥቶ፣ ከዋክብቱ ሲርገበገቡ እሱ በጸና ብርሃን ሲያበራ ይታይ ነበር። የሰው ልጅ ይህን ብርሃን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ተከትለውታል። አንደኛው «ምን ያደርገኛል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «እንዴት ይሄዳል?» የሚል። የመጀመሪያው ጥያቄ አማልክትን፣ ትንቢትንና ፍርሃትን ወለደ። ሁለተኛው ስሌትን፣ ቴሌስኮፕንና መንኮራኩርን ወለደ። ለብዙ ሺህ ዓመታት ሁለቱም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አብረው ኖረዋል፤ ዛሬም በብዙዎች ዘንድ ሳይለያዩ ይኖራሉ። ከሁለቱ በስተጀርባ ያለው ደግሞ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ያልተዉት ጉዳይ ነው፤ የሰውን ዕጣ የሚወስነው ሰማይ ነው ወይስ ሰማይም እንደ ሰው ለሌላ የሚገዛ ፍጡር ነው?

መጀመሪያ ስለ አካሉ። የጁፒተር ወገቡ ከዳር እስከ ዳር 143,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን 11 ምድሮች በተርታ ይደረደሩበታል። ክብደቱ የምድርን 318 እጥፍ ነው፤ የቀሩት ሰባት ፕላኔቶች በአንድነት ቢመዘኑ እንኳ ከእሱ ግማሽ አይደርሱም። ከፀሐይ በአማካይ 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የፀሐይ ብርሃን እሱ ዘንድ ለመድረስ 43 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ግዝፈት ይዞ በራሱ ዛቢያ የሚሽከረከረው 10 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የሚቆሙበት መሬት የለውም፤ በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፤ ወደ ውስጥ በተጠለቀ ቁጥር ግፊቱና ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። ታላቁ ቀይ ነጥብ የሚባለው ማዕበሉ ከምድር ይሰፋል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲታይ ቆይቷል።

የጥንት ሰዎች ከዚህ አንዱንም አያውቁም ነበር፤ ሆኖም ከየአቅጣጫው ተነሥተው አንድ ቦታ ደረሱ። ባቢሎናውያን ፕላኔቱን የከተማቸው ጌታ የማርዱክ ኮከብ አደረጉት። ግሪኮች ለዜውስ ሰጡት፤ ሮማውያን ደግሞ በካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ታላቁን ቤተ መቅደስ ለሠሩለት፣ የመንግሥታቸው ጠባቂ ለሆነው ለጁፒተር። ቻይናውያን የዓመት ኮከብ ብለው የ12 ዓመት ዙራቸውን ከጉዞው ጋር አስተሳሰሩት። ቬነስ ትደምቀዋለች፤ ግን ከፀሐይ ስለማትርቅ እኩለ ሌሊት ላይ አትገኝም። ማርስ አንድ ጊዜ ይነድዳል፣ ሌላ ጊዜ ይከስማል። ጁፒተር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን ሊያቋርጥ ይችላል፤ አይቸኩልም፤ ከአሥራ ሁለቱ ከዋክብት በእያንዳንዱ አንድ ዓመት ያህል ይሰነብታል። ንጉሥ ግዛቱን ሲዞር የሚያይ ሕዝብ ይህን አካሄድ የንግሥና አካሄድ ብሎ ቢተረጉመው አያስገርምም።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህን አምላክ ያውቀዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራን ሰዎች ጳውሎስ አንካሳውን ሲፈውስ አይተው አማልክት በሰው አምሳል ወረዱ አሉ፤ በርናባስን ድያ ብለው ጠሩት። ድያ ዜውስ ነው። ካህኑ ኮርማና የአበባ ጉንጉን ይዞ ሊሠዋላቸው ሲመጣ ሁለቱ ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ። የሰጡት መልስ ስለ ዜውስ ክፋት ወይም ደግነት የሚከራከር አልነበረም። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አንድ ነው፤ ዝናብንም የሚሰጥ እሱ ነው የሚል ነበር። ለነጎድጓድና ለዝናብ ጌታ ይሰገድ በነበረበት አገር ይህ ቃል ሥልጣኑን ከሥሩ የሚነቅል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ባቢሎናውያን ለየት ያለ ነገር ትተው አልፈዋል። ካህናቶቻቸው ጁፒተርን የሚከታተሉት ለንጉሡ ምልክት ለማንበብ ነበር፤ ደመቀ ወይስ ደበዘዘ፣ ከጨረቃ ቀረበ ወይስ ራቀ እያሉ በሸክላ ጽላት ላይ መዘገቡ። ዘመን ባለፈ ቁጥር መዝገቡ ከትንቢቱ በላይ ሆነ። በበርሊኑ ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የታሪክ ተመራማሪ ማቲዩ ኦሰንድሬይቨር በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ ጽላቶችን አንብቦ በ2016 ያሳተመው ሥራ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ጽላቶቹ የተጻፉት ከ350 እስከ 50 ዓመተ ዓለም ባለው ጊዜ ነው። ስሌቱ እንዲህ ይላል፦ ጁፒተር መታየት ሲጀምር በቀን 12 ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 12 ስልሳኛ፣ ይጓዛል። ከ60 ቀን በኋላ ፍጥነቱ ወደ 9 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምር፤ ለሁለት አካፍል፤ በ60 ቀን አባዛ። ውጤቱ 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ነው። ባቢሎናዊው ጸሐፊ ይህን የአንድ ትራፔዚየም ስፋት አድርጎ አሰበው፤ አንዱን ጎን ጊዜ፣ ሌላውን ጎን ፍጥነት አደረገና ስፋቱን ርቀት ብሎ ወሰደ። በአውሮፓ ይህ ሐሳብ የታየው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኦክስፎርድና በፓሪስ ነው። የማርዱክ ካህናት አምላካቸውን ሲያገለግሉ በስተመጨረሻ የአምላካቸውን እርምጃ አስቀድሞ የሚናገር ቀመር አገኙ። እርምጃው በቀመር የሚታወቅ አካል ደግሞ በፈቃዱ ይቆጣል፣ በፈቃዱ ይምራል ለማለት ያስቸግራል።

ግን የመጀመሪያው ጥያቄ በቀላሉ አልሞተም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የጻፈው በጥሊሞስ ጁፒተርን በቀዝቃዛው ሳተርንና በሚያቃጥለው ማርስ መካከል ስለሚገኝ ልከኛና ደግ ነው ብሎ አስተማረ። የኮከብ ቆጠራ ሊቃውንት ከዚያ ወዲህ ታላቁ በጎ ኮከብ ይሉት ጀመር፤ ሀብት፣ ፍርድ፣ ክህነትና ልጅ የእሱ ስጦታዎች ተባሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አቡ ማዕሸር ከዚህ አልፎ ሄደ። ጁፒተርና ሳተርን በየ20 ዓመቱ ይገናኛሉ፤ እሱም ሥርወ መንግሥታት የሚነሡትና የሚወድቁት፣ ሃይማኖቶችም የሚመጡት በዚህ መገናኘት ነው አለ። በዚህ ትምህርት ነቢያት ሳይቀሩ የፕላኔቶች ጥገኛ ሆኑ።

የዚህ የዓረብኛ ትምህርት ጅረት ኢትዮጵያም ደርሷል። ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን እየተባሉ እስከ ሑት የሚቆጠሩት አሥራ ሁለቱ ከዋክብት በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው፤ ጁፒተርም ሙሽተሪ ተብሎ አብሯቸው ገብቷል። አውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ስሌት መሠረት የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደል ተቆጥሮ ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሠውር እየተባለ ኮከቡ ይታወቃል። ከዚያ ጠባዩ፣ የሚስማማው ሥራ፣ የሚያሰጋው በሽታ፣ የምትሆነው ሚስት ይነገረዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ በዚህ ስሌት ማንም ሰው ወደ ሰማይ ቀና አይልም። ጁፒተር ያን ሌሊት የትም ይሁን የት፣ ወጥቶም ይሁን ጠልቆ፣ ውጤቱ ያው ነው። የሰማዩ ገዥ ሳይታይ፣ ሳይጠየቅ በስሙ ፍርድ ይሰጣል።

በዚህ ፍርድ የሚጎዱ ሰዎች አሉ። ተዋድደው፣ ተጠናንተው፣ ሽማግሌ ልከው ከጨረሱ በኋላ «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የሚለያዩ ጥንዶች በአገራችን ብርቅ አይደሉም። ንግዱ የከሰረበት ሰው የሒሳብ መዝገቡን ከማየት ይልቅ አዋቂ ቤት ይሄዳል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚገባ ነው፤ ነገ የማይታወቅበት፣ ሕመሙ ስም ያጣበት፣ ሐዘኑ የከበደበት ሰው አንድ የሚጨበጥ ምክንያት ይፈልጋል። ኮከብ ቆጣሪው የሚሰጠው ያንን ነው። የሚወስደው ዋጋ ግን ጠያቂው ከከፈለው ብር ይበልጣል፤ የራሱን ውሳኔ ያስረክበዋል።

ሃይማኖቶች ከዚህ ጋር የገጠሙት ክርክር ረጅምና ጥልቅ ነው። በባቢሎን ምድር፣ የማርዱክ ኮከብ ይመለክ በነበረበት አገር፣ የኖሩት የአይሁድ ሊቃውንት ያዘጋጁት ተልሙድ ስለ አብርሃም አንድ ትረካ ይዟል። አብርሃም ኮከቤን አይቻለሁ፣ ልጅ የምወልድ ሰው አይደለሁም ብሎ ለእግዚአብሔር አቤት አለ። ያገኘው መልስ ከኮከብ ቆጠራህ ውጣ የሚል ነበር። ጼዴቅ፣ ማለትም ጁፒተር፣ በምዕራብ ስለ ቆመ ነውን ተስፋ የቆረጥከው? መልሼ በምሥራቅ አቆመዋለሁ ተባለ። ትረካው ጁፒተር የለም አላለም፤ አያበራም፣ አይሄድም አላለም። ያለው፣ ፕላኔቱን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነው፤ አብርሃም የሚጠይቀውም ያንን ሌላውን ነው። በዚያው ገጽ ራቢ ሐኒና በተቃራኒው እስራኤልም ኮከብ አላት ብሎ ይከራከራል፤ ተልሙዱ ሁለቱንም ሐሳብ መዝግቦ አስቀምጧል።

ሙሉው በግዕዝ ብቻ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክም ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጥራዝ ለይቶ አስቀምጧል። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከሰማይ የወረዱት ዓመፀኛ መላእክት ለሰዎች ካስተማሩት የጥፋት ትምህርት መካከል ኮከብ መመልከት ይቆጠራል። ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ደግሞ ቅዱስ ዑራኤል ራሱ ሄኖክን እየመራ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውን በሮች፣ የቀኑንና የሌሊቱን ርዝመት፣ የዓመቱን ልክ ያሳየዋል። ሰማይን ማወቅ በአንደኛው ቦታ ኃጢአት፣ በሌላው ቦታ የመልአክ ትምህርት ነው። ልዩነቱ ከፍለጋው ዓላማ ላይ ነው፤ አንደኛው ከሰማይ ሥልጣን ለመስረቅ ይመለከታል፣ ሌላው የተሰጠውን ሥርዓት ለመረዳት።

ፈላስፋውና ጳጳሱ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ የኮከብ ቆጣሪዎችን መጻሕፍት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነበር። ያስጣለው ነገር ፊርሚኑስ የተባለ ወዳጁ የነገረው ታሪክ ነው። የፊርሚኑስ አባትና የአባቱ ጓደኛ ሁለቱም በዚህ ጥበብ የተነደፉ ነበሩ። የፊርሚኑስ እናት ስታረግዝ የጓደኛው ቤት ገረድም አረገዘች። ሁለቱ ሰዎች ሰዓቱን በጥንቃቄ ሲጠብቁ ሁለቱም ሴቶች በአንድ ቅጽበት ወለዱ፤ ወሬውን እንዲያደርሱ ከሁለቱም ቤት የተላኩት መልእክተኞች እኩል መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ፊርሚኑስ በሀብትና በክብር አደገ፤ የገረዲቱ ልጅ ባሪያ ሆኖ ቀረ። ጁፒተር ለሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ሰዎች ያቆሙት የባርነት ሥርዓት ነው፤ ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ያንን የሰው ሥራ ወደ ሰማይ አሻግሮ ማንም የማይጠየቅበት ያደርገዋል። ትምህርቱን መቃወም የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ባርነቱን ኮከብ ካደረገው ሊሽረው የሚነሣ ሰው አይኖርም።

ከሰማይ የመጣ ምልክትን የሚቀበለው የልደት ታሪክ ለዚህ ክርክር ፈተና ነበር። ሰብአ ሰገል በኮከብ ተመርተው መጡ ከተባለ፣ ኮከብ ቆጠራ ጸደቀ ማለት ነው? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በእጅጉ የሚከበረው ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጥሞታል። ያ ኮከብ በቀን ይታይ ነበር፤ ተሰውሮ ዳግም ይገለጥ ነበር፤ ሕፃኑ ባለበት ቤት ላይ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ስለዚህ ከተራ ከዋክብት ወገን አይደለም ይላል። ከ1,200 ዓመታት በኋላ የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ሌላ መንገድ ሄደ። በ1603 ጁፒተርና ሳተርን ሲገናኙ ካየ በኋላ ወደ ኋላ እያሰላ ሁለቱ በ7 ዓመተ ዓለም ሦስት ጊዜ መገናኘታቸውን ደረሰበት፤ ከልደቱ ኮከብ ጋርም አያያዘው። ዛሬም የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ይህ ሐሳብ ይነሣል፤ ሁለቱ ፕላኔቶች በዲሴምበር 21 ቀን 2020 የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል እስኪቀራረቡ ሲታዩም ተነሥቷል። ኬፕለር በሰማይ ሕግ ውስጥ የፈጣሪን እጅ ሲፈልግ፣ አፈወርቅ ከሰማይ ሕግ ውጭ ፈለገው። ሁለቱም ግን ፕላኔቶች ሕፃኑን አነገሡት አላሉም።

ጥያቄው ለዘለቄታው የተለወጠው በጣልያኗ ፓዱዋ ነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 1610 የ45 ዓመቱ የሒሳብ መምህር ጋሊሌዮ ጋሊሊ 20 ጊዜ ያህል የሚያቀርብ ቴሌስኮፑን ወደ ጁፒተር አዞረ። በአጠገቡ ሦስት ትንንሽ ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። በማግሥቱ ሲያይ ሦስቱም ወደ ምዕራብ ተሻግረዋል። በጃንዋሪ 9 ሰማዩ ደመና ሆነበት። በጃንዋሪ 10 ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም በምሥራቅ። በጃንዋሪ 13 አራት ሆኑ። የቀሩ ከዋክብት ቦታቸውን ሳይለቁ እነዚህ ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚሉት ጁፒተርን ስለሚዞሩት ነው ብሎ ደመደመ። ፍጥረት ሁሉ በምድር ዙሪያ ይዞራል የሚለው የሺህ ዘመን ትምህርት ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ቆሞ መከራከሪያ አጣ።

በዚያው ዓመት በማርች ቬኒስ ላይ የታተመው መጽሐፉ ግን በሌላም በኩል ይነበባል። ጋሊሌዮ ጨረቃዎቹን የፍሎረንስ ገዥዎች በነበሩት በሜዲቺዎች ቤተሰብ ስም ሰየማቸው፤ በመታሰቢያው ገጽ ላይም ከእነሱ ወገን የነበረው ዳግማዊ ኮዚሞ ሲወለድ ጁፒተር በሰማዩ መካከል ከፍ ብሎ እንደ ነበረና በጎ ጠባዩን ከዚያ እንዳገኘ ጻፈለት። የጥንቱን ሰማይ ያፈረሰው መጽሐፍ የጥንቱን ኮከብ ቆጠራ በደጃፉ ይዞ ወጣ። በዚህ ጋሊሌዮን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት ተቆላልፈው እንደኖሩ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ገጽ አይገኝም። ኬፕለርም ቢሆን እንጀራው በከፊል የሚመጣው ለመሳፍንት ኮከብ በመቁጠር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሁለተኛው ጥያቄ ፍሬ በፍጥነት በዛ። በ1676 ዴንማርካዊው ኦለ ሮመር የጁፒተር ጨረቃ ኢዮ የምትጋረድበት ሰዓት ምድር ስትርቅ እየዘገየ፣ ስትቀርብ እየፈጠነ መሄዱን አይቶ ብርሃን ራሱ ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅበት አስረዳ። የጨረቃዎቹ ግርዶሽ በየትም አገር በአንድ ጊዜ ስለሚታይ ለተጓዦችም የሰማይ ሰዓት ሆነላቸው፤ የአገሩን ሰዓት ከዚያ ጋር ያስተያየ ሰው ኬንትሮሱን ያገኛል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የምንጩን ቦታ በካርታ ላይ ለማስፈር ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የጁፒተር አንደኛ ጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ብሩስ የዓባይን መነሻ በካርታ ላይ እንዲያሰፍር የረዳው ብርሃን ከዚያ ከሩቁ ፕላኔት ደጃፍ የመጣ ነው።

ሃይማኖታዊው ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ በሌላ በር ተመለሰ። ኒውተን የስበትን ሕግ ካገኘ በኋላ ፕላኔቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ሥርዓቱ ውሎ አድሮ ይዛባል፣ ፈጣሪም አልፎ አልፎ ማስተካከል ይኖርበታል ብሎ አመነ። ፈላስፋው ላይብኒዝ ይህ ፈጣሪን የራሱን ሰዓት ደጋግሞ የሚጠግን ባለሙያ ያደርገዋል ሲል ተቃወመ። ክርክሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ መዝገብ ሲታይ ጁፒተር ቀስ በቀስ እየፈጠነ፣ ሳተርን እየዘገየ ይመስል ነበር። በ1785 የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ምክንያቱን አገኘው። ጁፒተር አምስት ጊዜ ሲዞር ሳተርን ሁለት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዚህ የተነሣ ስበታቸው እየተደጋገመ አንዱን ያፈጥናል፣ ሌላውን ያዘገያል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ተራው ይገለበጣል። ዙሩ 900 ዓመት ያህል ይፈጃል። ላፕላስ ከዚህ ተነሥቶ የሁሉን ቅንጣት ቦታና ፍጥነት የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር መጪው ዘመን ሁሉ ይገለጥለታል አለ።

ይህ በሌላ ልብስ የመጣ ዕጣ ፈንታ ነው። ጁፒተር አምላክነቱ ቀርቶ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ራሱ ሰውን ዳግመኛ ሊያስር ተነሣ። ነገር ግን የላፕላስ ሐሳብ እሱ በተማመነበት ሰማይ ላይ እንኳ ገደብ አለው፤ በ1989 ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር ለፀሐይ ቅርብ የሆኑት ፕላኔቶች ጉዞ ከአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት በላይ አስቀድሞ በትክክል ሊነገር እንደማይችል በስሌት አሳይቷል። ከዚህም ይልቅ፣ ሰው ሕግን ሲያውቅ የሚያገኘው የተግባር ኃይል ነው። የጁፒተርን ስበት ያወቁ ሰዎች በዚያው ስበት መንኮራኩር አስወንጭፈው ከእሱ አሳልፈዋል። በሕግ መገዛትና ባሪያ መሆን አንድ አይደሉም።

ኮከብ ቆጠራ በራሱ መለኪያ ሲመዘንስ? በ1985 የፊዚክስ ተመራማሪው ሾን ካርልሰን ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት ከባለሙያዎቹ ጋር ተስማምቶ የተዘጋጀ ነበር። አንድ የልደት ኮከብ ሠንጠረዥና የሦስት ሰዎች የጠባይ መግለጫ ይሰጣቸዋል፤ የሠንጠረዡ ባለቤት የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። በዘፈቀደ የሚገምት ሰው ከሦስት አንዱን ያገኛል፤ እነሱም ያገኙት ያንኑ ያህል ነው። ከጥናቱ በፊት ደግሞ ራሱ ትምህርቱ የሚጋጭበት ነገር አለ። በጥር 2025 የሕንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ጁፒተር ሠውር ላይ ነው ብለው ሚሊዮኖችን ወደ ወንዝ ሲያወርዱ፣ የምዕራባውያን ኮከብ ቆጣሪዎች ጁፒተር ጀውዛ ላይ ነው እያሉ ትንቢት ይጽፉ ነበር። ምድር እንደ እንዝርት እየተወላወለች ስለምትዞር ሁለቱ አቆጣጠሮች በ24 ዲግሪ ያህል ተራርቀዋል። ዓይኑን አንሥቶ ያየ ሰው ፕላኔቱን ያገኘው በሠውር ከዋክብት መካከል ነው።

ይሁንና ጁፒተር ለምድር ምንም አያደርግም ማለት ስሕተት ነው። በጁላይ 1994 ሹሜከር ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ በጁፒተር ስበት ተሰባብሮ ከ20 በላይ ስብርባሪዎቹ ተከታትለው ወደቁበት፤ ያሳደሩት ጥቁር ጠባሳ ለወራት ታየ፤ ከምድር የሚሰፋም ነበረበት። ያኔ ብዙዎች ጁፒተር ጋሻችን ነው አሉ። በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ግን አደገኛ ድንጋዮችን የሚያርቀውን ያህል ወደ እኛ የሚወረውርም እሱ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። በጎ ኮከብ ነው ወይስ ክፉ የሚለው የጥንት ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ያልቻለው ፕላኔቱ ሐሳብ ስለሌለው ነው። ሌላም አለ፤ ጁፒተርና ቬነስ ተባብረው የምድርን ምሕዋር በየ405,000 ዓመቱ ጥቂት ያሞላልጡታል። በ2018 የታተመ ጥናት በአሪዞናና በኒው ጀርሲ ከምድር ውስጥ ተቆፍሮ በወጣ ድንጋይ ላይ የዚህን ዙር አሻራ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ተከትሎ አግኝቶታል። ጁፒተር በእርግጥ በዝናቡና በብርዱ ላይ እጁ አለበት። ግን ለባለጸጋና ለድኻ፣ ለፊርሚኑስና ለገረዲቱ ልጅ ያለ ልዩነት ነው፤ የማንንም ስም አይቆጥርም፣ የማንንም ጋብቻ አይፈታም።

ሃይማኖት ፍጡር ነው ያለውን ሳይንስ አካሉን ገልጦ አሳየ። አብርሃም ከኮከብህ ውጣ ሲባል የተሰጠው ነፃነት የራሱን መንገድ የመሄድ ሸክምም ነበረው። ያ ሸክም ዛሬ በጁፒተር ደጅ ራሱ ተገኝቷል። በ1995 ጁፒተር ዘንድ የደረሰችው ጋሊሌዮ የተባለችው መንኮራኩር ኢሮጳ በተባለችው ጨረቃ የበረዶ ቅርፊት ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ ስለ መኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ሰጠች። ነዳጇ ሊያልቅ ሲል መሐንዲሶቹ አንድ ነገር አሳሰባቸው። ከምድር የተሸከመቻቸው ረቂቅ ተሕዋስያን በሕይወት ካሉና መንኮራኩሯ አንድ ቀን ኢሮጳ ላይ ከወደቀች፣ እዚያ ሊኖር የሚችልን ሕይወት ሊበክሉ ይችላሉ። ስለዚህ በሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 ሆን ብለው ወደ ጁፒተር ከባቢ አየር ሰደዷት፤ ተቃጥላ ጠፋች።

ጁፒተር በምድር ሰዎች ላይ ምን ያመጣል ሲባል የኖረው፣ የምድር ሰዎች በጁፒተር ጨረቃ ላይ ምን ሊያመጡ ይችላሉ ወደሚል ተዛወረ። በኦክቶበር 2024 የተወነጨፈችው ኢሮጳ ክሊፐር በ2030 እዚያ ትደርሳለች፤ በ2023 የተነሣችው የአውሮፓውያኑ ጁስ በ2031 ትከተላታለች። ክሊፐር ኢሮጳን በአጠገቧ እያለፈች 50 ጊዜ ያህል ትመረምራለች፤ የምትፈልገው ሕይወትን ራሱን ሳይሆን ሕይወት ሊኖርበት የሚችል ሁኔታ መኖሩን ነው። ከዚያ ውሃ ሥር አንዲት ሕያው ሴል እንኳ ብትገኝ፣ ፍጥረት የሚለው ቃል ምን ያህል ይሰፋል የሚለውን ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንት ከአሁኑ ሊያነሡት ይገባል። የጊዜ ሰሌዳው ወጥቷል፤ መንኮራኩሮቹም መንገድ ላይ ናቸው።